የቶአደር ግራ እግር

ተኛህ ቶአደር? ተኛ። እኔ ልናገረው፣
ሰባት ወር በጉንጬ ይዤ የዞርኩትን፣ እንደ ትኩስ ድንች የማላላምጠው።

ያ የጥድ ግንድ፣ ከጋሪው ላይ ሰንሰለት በጥሶ የወረደው፣
ግራ እግርህን ከሀዲዱ አጣብቆ፣ ለሐኪም መጋዝ ትቶልህ የሄደው፣
እሱን አይደለም የማወራው።
ክሉዥ ሆስፒታል ነው፣ ሰመመኑ ገና ዓይንህን ሳይለቀው፣
አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቅኸኝ፦
"እግሬን አምጪና ከጓሮዬ ቅበሪልኝ።
ሙሉ ሆኜ ልነሣ እንጂ በመጨረሻው ቀን ሲነፋ መለከቱ፣
ወዲህ ወዲያ እያልኩ እግሬን ስፈልግ ይለፈኝ ወይ ሰዓቱ?"

ስማራንዳን ጠየቅኋት፣ ነርሷን፣ ያቺን ቀጭኗን።
አንገቷን ደፋች፤ "ትናንት ተቃጠለ፣ ሕጉ ነው" አለች፣ ጓንቷን እያወለቀች።
ምን ልበልህ? እግርህ በክሉዥ ሰማይ ላይ ጭስ ሆኖ በነነ?
አልጋ ለያዘ ሰው እውነት መንገር፣ ከመቼ ወዲህ መድኃኒት ሆነ?

ከቫሴር ወንዝ ዳር አነሣሁ አንድ የአኻያ ጉማጅ፤
በቀኝህ ልክ አስቆረጥኩት፣ በአንሶላ ጠቀለልኩት እንደ አራስ ልጅ፤
በፖም ሣጥን ከትቼ፣ ከፕሪሙ ዛፍ ግርጌ ቆፈርኩ።
ቄሱን አልጠራሁም፤ ለእንጨት ፍትሐት ማስደገም አፈርኩ።

ከዚያ ሕመሙ መጣ። የሌለው እግር ሕመም።
"ጣቶቼ!" ትላለህ ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት፣ ብርድ ልብሱ የሟሸሸበትን እየጠቆምክ፣
"ተጣጥፈዋል! አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቷል!" የትራሱን ጫፍ እየነከስክ፤
እኔም "የለም" አልልህ፤ ባዶውን አንሶላ ሲያሽ ያድራል እጄ፣
ጎረቤት እንዳይሰማህ ቀድሞ ተቆልፏል ደጄ።

ሐኪሙ "ነርቭ ነው" ብሎ በሦስት የሚከፈል ክኒን ሰጠኝ፤
"መስታወት አቁሚለት፣ ቀኙን እያየ ግራው ይታለል" ብሎ መከረኝ።
ሁለት ቀን ሞከርከው።
በሦስተኛው ቀን ፂምህን ተላጨህበት።

በሚያዝያ አዲሱ እግር መጣ፤ ጥቁር፣ ቀላል፣ "ካርቦን" የሚሉት።
አልጋ ሥር አቧራ ሲጠጣ የከረመ ግራ ጫማህ፣
ባለቤት አገኘ።
ውሻችን አሸተተው፤ ቀና ብሎ አየህ፣ "የማን ነው?" እንደሚል፤
እኔ በየጠዋቱ ምድጃው ጥግ አቆመዋለሁ፣ አፉ እንዲሞቅ፣ ጉቶህን እንዳይበርደው ስል።
እሑድ ደረጃውን ወጣህበት፤ ዲያቆኑ እንኳ ዞር ብሎ አላየም።
ማታ እግርህን ታወልቀዋለህ። ሕመምህ ግን አይወልቅም።

ዛሬ ሌሊት ክንዴን ጨበጥክ፤ "ሣጥኑ ጠቦታል፣ አጣጥፈሽ ነው የቀበርሽኝ፤
ድሮም ሽማግሌዎች ይሉት ነበር። ሂጂ፣ ቆፍሪ፣ ጣቶቼን ዘርጊልኝ።"

ፋኖስ ይዤ ወጣሁ። ለማስመሰል ነበር፣
አካፋውን ከድንጋይ ላጋጭ፣ ትንሽ ላለከልክ፣ ልመለስ።
ግን እጅ አካፋ ከያዘ በኋላ ማስመሰል አይችልም፤
ክዳኑን ፈነቀልኩት። አኻያው አልሞተም።

ሥር ሰዷል፣ ቶአደር! ነጭ፣ እርጥብ፣ የጣት ውፍረት ያለው፣
ክዳኑን ሲገፋ የታጠፈ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረበ፣ መውጫ የቸገረው።
አልቆጠርኩም። ውሸቴን ነው፤ ቆጥሬያለሁ።
ስድስት ናቸው። አምስት ቢሆኑማ ጮኼ መንደሩን ቀስቅሻለሁ።

ሣንቃውን ነቀልኩለት፣ ጭቃው ላይ ተደፍቼ፤
አፈር መለስኩበት፣ ስድስቱንም በትንፋሼ አሙቄ፣ አንድ በአንድ ዘርግቼ።

ስገባ ላብህ ደርቋል።
"ቀና አሉ" አልከኝ ዓይንህን ሳትገልጥ፣ "እጅሽ ግን ይቀዘቅዛል።"
እኔ ገና በሩ ላይ ነበርኩ። እጄ አልነካህም።

ይኸው ተኛህ። ጥቁሩ እግርህ ጥጉ ላይ ቆሟል፣ ጫማውን እንዳጠለቀ።
ነገ እነግርህ ይሆናል። ወይም ሰኔ ላይ፣ ከፕሪሙ ሥር ለጋ ቅጠል ሲያወጣ፣
ምርኩዝህን ተደግፈህ "ይሄን አኻያ እዚህ ማን አመጣ?"
ስትለኝ። ያኔ ምን እንደምመልስ አላውቅም።
ጥፍሬ ውስጥ አፈር አለ። ውኃው ገና አልሞቀም።